ያልተጠራ ፉጨት

ነገረ ፈጁ አካለ ወልድ ሬሳውን ከማየቱ በፊት የጠየቀው ደረቅ በርጩማ ነበር። ከይጁቤ ተነሥቶ ከአምበር በላይ አፋፉ ላይ እስካለችው መንደር ድረስ የነሐሴን ዝናብ በጀርባው ተሸክሞ መጥቷል። ካባው ውሃ ያንጠባጥባል፤ በወጣትነቱ የተሰበረ እግሩም ብርድ ባገኘው ቁጥር እንደሚያደርገው ይጠዘጥዘዋል።

«ሰው ሞቶ በርጩማ ትጠይቃለህ?» አሉት የአካባቢው አርበኞች አለቃ ፊታውራሪ አለበል።

«ሟቹ የትም አይሄድብኝም ፊታውራሪ። እርስዎ ግን ሌላ ሰው ሊጨምሩበት እንደቸኮሉ ሰምቻለሁ።»

ሌላ ሰው ቢናገረው ጅራፍ የሚያስከትል ቃል ነው። አካለ ወልድ ግን ዕድሜውን በደብረ ማርቆስ አደባባይ ሲሟገት የጨረሰ፣ ፊታውራሪውንም በርስት ክርክር አንዴ ረትቶ አንዴ የተረታላቸው ሰው ነው። ጣሊያን ገብቶ ችሎቱን ሲዘጋ የእሱን አፍ አብሮ መዝጋት አልሆነለትም። ፊታውራሪ ጺማቸውን አሻሹ።

«ገዳዩ ተይዟል። ቅዳሴ ሲወጣ ይረሸናል። ያስጠራሁህ እኔ አይደለሁም፤ እኅቱ ናት እግሬ ላይ ወድቃ ያስፈቀደችው።»

እኅቱ የብርጓል ደጃፉ ላይ ቆማለች። ነገረ ፈጁን ፍለጋ እስከ ይጁቤ ጭቃ ስታቦካ ደርሳ የተመለሰች ናት፤ ነጠላዋ እስከ ወገቧ ጭቃ ሆኗል። አታለቅስም።

«አያ አካለ ወልድ፣ ወንድሜ እንዳላማው ባንዳ ነበር፤ ያንን አልክድዎትም። ደምለውን ግን አልገደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ውሸታም ነው። ሲዋሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ትናንት አልዋሸም።»

አካለ ወልድ በሕይወቱ ብዙ ምስክር ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ምስክር ግን ብርቅ ነው። በርጩማውን ይዞ ገባ።

ቤቱ የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነው። በአንድ በኩል ጋጣ አለ፤ በሌላው በኩል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሬዲዮ። ከጦርነቱ በፊት አንድ ሹም ከባሕር ማዶ ያስመጡት፣ አርበኞች ከጣሊያን እጅ የማረኩት መሣሪያ ነው፤ ድምፁን በትልቅ መለከት ያወጣል፤ ሽቦው ከጀርባው ወጥቶ በጣሪያው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይሄዳል። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገባ ወዲህ ይህ ሣጥን ከመድፍ በላይ ይወደድ ነበር። የሚያናግረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ቴሌግራፍ ተምሮ የመጣው ደምለው። እሱ ያለው ይታመን፣ እሱ የሰማው ይወራ ነበር።

አሁን ደምለው ነገረ ፈጁ እስኪያየው ሳይነሣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። እናቱ ብታየው የምትጽናናው ፊቱ ሳይነካ በመቅረቱ ብቻ ነበር፤ አካለ ወልድ ዓይኖቹን ከደነለትና በሆዱ አዘነ። ጎበዝ ልጅ ነበር።

ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየ። ግድግዳው ላይ ከምስማር የተንጠለጠለ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ የወይራ ዘንግ አለ። ጥግ ላይ ያለው ሙቀጫ ውስጥ ዘነዘናው ቆሟል፤ ነካው፤ እርጥብ ነው፤ ከጫፉ ይልቅ እጀታው ንጹሕ ሆኖ ታጥቧል። በአገልግል የመጣ ቆሎ ሳይነካ ተቀምጧል። ወደ ምድር ጎንበስ ሲል የጠረጴዛው አንድ እግር ከሌሎቹ ተለይቶ ጥቀርሻው ተገፍፎ ነጭ መሆኑን አስተዋለ። ጣቱን አሳረፈበትና ቀመሰው።

«ምን ትልሳለህ?» አሉ ከበሩ ያዩት ፊታውራሪ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው።

«ነገሩን። ይልቅ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ፊታውራሪ ነገሩት። ትናንት መንደርተኛው ቅዳሴ ላይ ነበር፤ እሳቸው ከጥቂት ዘበኞች ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ የጣሊያንን የስልክ ሽቦ የሚቆርጠው፣ ድረስ የሚባለው ልጅ፣ ባትሪውን አስገብቶ ወጣ። ቀጥሎ የስንቅ ሹሙ ግራዝማች ታረቀ ምግብ ይዞለት ገባ፣ ወጣ፤ በሩን ዘግቶ እሳቸው አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ሲያፏጭ ቆየ፤ ሲቀጥን፣ ሲወፍር፣ ደግሞ ሲቀጥን። ደምለው የራቀ ጣቢያ ሲፈልግ ሁልጊዜ የሚሰማ ድምፅ ነው።

«በመጨረሻ እንዳላማው ከአምበር ወሬ ይዞ መጣና ገባ። ፉጨቱ ጮኸ። ወዲያው እጁ ደም ለብሶ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ሲሠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ማን ገደለው ልትለኝ ነው?»

«ቃሉን ነው የሰሙት ወይስ ፉጨቱን?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የአንድ ሰው አንገት ያህል» አለ አካለ ወልድ።

እንዳላማውን ከአንድ ዘበኛ ጋር በቁራኛ አስረውት ነበር፤ የቀኝ እጁ ከዘበኛው ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት። ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን አርጅቷል። የጣሊያን ዩኒፎርም ለብሶ የወገኑን ቤት ሲፈትሽ ያዩት ሁሉ አልረሱለትም፤ ከድቶ ቢመለስም ከማዕድ ዳር ነበር የሚቀመጠው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ነገር ሲጠፋ የሚፈለገው እሱ ዘንድ ነው።

«ማንም አይገባም እየተባለ ለምን ገባህ?»

«ግራዝማች ታረቀ ናቸው። ‹ወሬው አስቸኳይ ነው፣ ግባና ንገረው› አሉኝ። ገባሁ። የተኛ መሰለኝ፤ ቀና ሳደርገው ደሙ እጄ ላይ ፈሰሰ። ልወጣ ስል የጥጃዋ ገመድ ጠለፈኝና ወደቅሁ፤ ገመዱም ተበጠሰ።»

«ጥጃ?»

«ጠረጴዛው አጠገብ ነበረች። ሰው ሲግተለተል ማን ለጥጃ ልብ ይላል?» ቀና ብሎ አየው። «አያ፣ ልፋትዎን ይተዉት። እኔን ማን ያምናል?»

«እኔም ገና አላመንኩህም» አለው አካለ ወልድ። «ጥጃዋን ግን አምኛታለሁ።»

ድረስን ያገኘው ሽቦ ሲጠቀልል ነው። ከደምለው ጋር ወንድም ነበሩ ማለት ይቻላል።

«ባትሪውን አስገብቼ ስወጣ ‹በሩን ዝጋ፣ አንተ ልጅ!› ብሎ ጮኸብኝ። ዘበኞቹ ሁሉ ሰምተው ስቀውብኛል። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ሆነ።»

«ለምንድን ነው በሩ የሚዘጋው? ሰው የማይገባውስ? ምሥጢር ኖሮት ነው?»

«የለም፤ መሣሪያው ነው። ጨሞጋን ስንሻገር በቅሎዋ ተንሸራታ የቆርቆሮ መከለያውን ወንዝ በላው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠጋው ያፏጫል።»

«ለምን?»

ድረስ ሁለት ሽቦ አንሥቶ ሳያነካካ ጎን ለጎን ያዛቸው። «ደምለው እንዲህ ነበር የሚያስረዳኝ። መሣሪያውን የሠራው ሰው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ በልኩ አድርጎ አስገብቶበታል። ጣቢያ የሚገኘው በእሱ ልክ ነው። ግን ሁለት ሽቦ ሲቃረብ ባይነካካም በመካከላቸው ትንሽ ይጠራቀማል። ማንም አላዘዘውም፤ በራሱ ይመጣል። የሰው ገላም እንደ ሽቦው ነው፤ ሲጠጋ ይጨምራል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። ያኔ ልኩ ይዛባና ያፏጫል። ደምለው ‹ጥገኛ› ይለው ነበር። በዕቃው ላይ ተጠግቶ የሚኖር፣ ማንም ያልጠራው።»

«የእሱስ ገላ?»

«ራቅ ብሎ ይቀመጣል። መቃኛውን በእጁ አይነካውም፤ በዚያ በወይራው ዘንግ ነው የሚያዞረው። ረስቶ በእጁ የነካው ቀን ስለሚያፏጭበት ቀኑን ሙሉ ሲራገም ይውላል።»

አካለ ወልድ ያየውን አስታወሰ። ዘንጉ ከምስማሩ ላይ ነበር።

«የበግ ገላስ? የውሻ?»

«ሥጋ ነው እንጂ ምን ልዩነት አለው» አለ ድረስ። ከዚያ ሽቦው ከእጁ ወደቀ።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስን ማናገር አላስፈለገውም፤ ራሳቸው መጡበት። ዘለግ ያሉ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ቁጣቸው ግን ያልተሸረፈ ሴት ናቸው።

«አንተ ነህ ዳኛው? ገመዴን ማን እንደቆረጠው ፍረድልኝ! ከቅዳሴ ስመለስ ጥጃዬ ዝናብ ላይ ቆማለች። ገመዴ እኩሌታው እዚያ የጣልያን ሣጥን አጠገብ ምሰሶው ላይ ታስሮ፣ እኩሌታው አንገቷ ላይ። ጥጃዬን እኔ ጋጣ ነው ያሰርኳት! ብናገር ‹ሰው ሞቶ ስለ ገመድ ታወሪያለሽ› አሉኝ።»

«እኔ ስለ ገመድ ልሰማ ነው የመጣሁት እማሆይ። ጥጃዋ ከዚህ በፊት ወደ ሣጥኑ ሄዳ ታውቃለች?»

«ሰኔ ላይ አምልጣ ሄዳ ነበር። ሣጥኑ እንደ ጅብ ጮኸ። ደምለው ነፍሱን ይማረውና ከሳቁ የተነሣ ሊወድቅ! ‹ጥጃዋም ጣቢያ ትፈልጋለች› አለ። እዚያ የነበርነው እኔና እሱ፣ ስንቅ ሊሰጠው የመጣው ታረቀም።»

ግራዝማች ታረቀ ስንቅ ቤቱ ውስጥ አሞሌ ጨው ይደረድራል። ረጋ ያለ፣ የተከበረ፣ ልጁ ጥላነሽ በጣሊያን አሰሳ ተይዛ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ከታሰረች ወዲህ ግን በአንድ ክረምት የሸበተ ሰው ነው። አካለ ወልድን አክብሮ አስቀመጠው።

«ልጅህ እንዴት ናት?» አለው አካለ ወልድ።

«በሕይወት አለች ይላሉ።»

«እግዚአብሔር ያውጣት። ትናንት ለደምለው ቆሎ ወስደህለት ነበር?»

«አዎ። ሲሠራ ስለሚውል አዘንኩለት።»

«በላልህ?»

«‹አስቀምጠው› አለኝ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ፣ እኔም ወጣሁ።»

አካለ ወልድ አመስግኖ ተነሣ። ታረቀ የሚወደው ሰው ነበርና ወደ ግቢው ሲመለስ እግሩ ከወትሮው ይልቅ ከበደው።

ቅዳሴ ሲወጣ ገዳይ የሚለይበት አውጫጭኝ ተጠራ። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርቶ ቆመ፤ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው መሐል ተቀመጡ። ሬሳው ተገንዞ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ባለ ጠመንጃዎቹ እንዳላማውን ይዘው ጥግ ላይ ይጠብቃሉ፤ የብርጓል ከፊታቸው ቆማለች።

«ከመናገሬ በፊት ድረስ መሣሪያውን ይክፈትና ይውጣ» አለ አካለ ወልድ። «በሩም ይዘጋ።»

ድረስ ገብቶ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከቤቱ ውስጥ ፉጨት ተሰማ፤ ቀጠነ፣ ወፈረ፣ ደግሞ ቀጠነ። አንዲት ሴት ጮኸች። «ደምለው ነው!» አለ አንድ ዘበኛ፤ ብዙዎች አማተቡ። ፊታውራሪ ሽጉጣቸውን መዝዘው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። አካለ ወልድ አስቀድሞ ከምሰሶው ያሳሰራት ጥጃ የጠረጴዛውን እግር ላስ አድርጋ ወደ ኋላ እያለች፣ ተመልሳ እየተጠጋች ትልሳለች። እሷ በተንቀሳቀሰች ቁጥር መለከቱ ያፏጫል።

«ፊታውራሪ፣ ትናንት የሰሙት ይህንን ነው» አለ አካለ ወልድ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛም ፉጨት ሰምተን ሰው አለ አልን። የጠረጴዛው እግር ጨው ተቀብቷል፤ ቀምሼዋለሁ። መሣሪያውን ከፍቶ ጥጃዋን እዚያ ያሰራት ሰው፣ ሥጋ ሲጠጋ መሣሪያው እንደሚያፏጭ ያውቃል። ደምለው እየሠራ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ በእጁ ወይም ምድር ላይ ይገኝ ነበር። ዘንጉ ግን ከምስማሩ አልወረደም። ፉጨቱ ሲሰማ ደምለው ሞቷል።»

«እንዳላማው አስቀድሞ ገብቶ ቢሆንስ?» አለ አንዱ።

«በላ ልበልሃ!» አለ አካለ ወልድ፣ የድሮው ችሎት ትዝ ብሎት። «ዘነዘናውን አይታችኋል? ታጥቧል። እንዳላማው እጁ ደም ለብሶ ነው የወጣው። ዘነዘና አጥቦ እጁን የማያጥብ ገዳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያጠበው ጊዜ የነበረው ሰው ነው። እሺ፣ ከፉጨቱ በፊት የገባው ማን ነው? ድረስና ታረቀ። ድረስ ሲወጣ ደምለው ሲቆጣው ዘበኞቹ ሰምተዋል፤ ቃሉን፤ ፉጨቱን አይደለም። ከዚያ በኋላ ቃሉን የሰማ አለ?»

ዓይን ሁሉ ወደ ግራዝማች ታረቀ ዞረ።

«ታረቀ፣ ‹አስቀምጠው› አለኝ ብለኸኛል። ጾመ ፍልሰታ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ ደምለው ውሃ እንኳ እንደማይቀምስ መምሬም፣ እማሆይም፣ እኔም እናውቃለን። ስንቅ የምትሰጠው አንተ አታውቅም? አገልግሉ ለቆሎ አልነበረም፤ ከሥሩ ጨው ነበረበት። ሰኔ ላይ ጥጃዋ ስታስፏጨው ቆመህ አይተሃል። እንዳላማውን ግባ ያልከውም አንተ ነህ። ባንዳ ነበርና ማንም እንደማይጠይቅለት አውቀህ።»

ታረቀ አልካደም። ያ ነው አካለ ወልድን ያሳዘነው፤ ቢክድ ይሻለው ነበር።

«ጥላነሽ» አለ ታረቀ። «‹የሚሰማውን ሰው ዝም አሰኝ፣ ልጅህን እንለቃለን፤ አለዚያ አደባባይ ትሰቀላለች› ብለው ላኩብኝ። ለማን ልንገር? ለእናንተ ብነግር ‹ስንቱ ልጁን ሰጥቷል› ትሉኝ ነበር።»

ፊታውራሪ ሽጉጣቸውን አነሡ። «ደምለውስ እናት የለውም?»

«አለው። ግደሉኝ፤ ይገባኛል። ግን ፊታውራሪ፣ ዛሬ አይሁን።» ታረቀ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «የገበያ ቀን ነው። ሰላዮቻቸው ይጁቤ ተቀምጠው ወሬ ይጠብቃሉ። ‹ደምለው ሞተ፣ ገዳዩም ተረሸነ› የሚል ከሰሙ ይለቋታል። እንደተያዝኩ ከሰሙ ልጅቱ አለቀላት። እሷ ምን አደረገች?»

ከውስጥ ጥጃዋ ታስፏጫለች፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። አካለ ወልድ ዕድሜውን ሙሉ ነገር ከተረታ በኋላ ምን እንደሚባል ያውቅ ነበር፤ አሁን የሚለው አጣ። እውነቱን አውጥቷል፤ እውነቱ ደግሞ ከግቢው ቢወጣ አንዲት ልጅ ይገድላል።

የተናገረው እንዳላማው ነው።

«ተረሽኗል በሉ።»

«ምን?» አለች የብርጓል።

«‹እንዳላማውን ረሽነነዋል› በሉ። ገደል አፍ ላይ ተኩሱ። እኔ በቆላው በኩል ወርጄ አባይን እሻገራለሁ፤ ከዚያ ማዶ አርበኛ አለ፤ በሌላ ስም እገባለሁ።»

«ስምህስ? እናታችን የገዳይ እናት ትባል?»

«ስሜን እኔው አበላሽቼዋለሁ እኅቴ። ጣሊያኖቹ ‹ቤት ፈትሽ› ሲሉኝ ስፈትሽ እንደ ጥላነሽ ያሉትን አሳልፌ ሰጥቻለሁ። አንዷ ትመለስ።»

የብርጓል በጥፊ መታችው። ከዚያ ያው እጇ ጉንጩ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ ፊታውራሪ ሽጉጣቸውን መለሱ፤ ታረቀ ልጁ እስክትወጣ ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት እንዲቆይ፣ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ለደምለው ቤተሰብ እንዲሰጥ አዘዙ። መምሬ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ፤ ከዚህ ግቢ የተሰማውን ያወጣ በነፍስ በሥጋ የተለየ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አካለ ወልድም አሜን አለ፤ የረታውን ነገር በገዛ አፉ ሲቀብር የመጀመሪያው ነው።

የእንዳላማው ሰንሰለት ተፈታ። ካባውን አካለ ወልድ አለበሰው። እንዳላማውም ዝናቡ ውስጥ ወደ ቆላው ወረደ፤ ዞሮ አላየም። ድረስ መሣሪያውን ዘጋ። ገደል አፍ ላይ ጠመንጃ ተተኮሰ።

«አሁን ማልቀስ አለብሽ» አላት የብርጓልን አካለ ወልድ፣ ፊቷን ለማየት አፍሮ። «ካላለቀስሽ አያምኑም።»

«ለዚህ ነው ጭቃውን ያቋረጥኩት?»

የብርጓል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ወደ ይጁቤ መንገድ ወጣች፤ ደረቷንም መታች። እስከዚያ ያላፈሰሰችው እንባ ሁሉ መጣ፤ የሐሰት እንባ አልነበረበትም። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ከበቧት፤ ማን ሞቶባት እንደሆነም ጠየቋት።

«ወንድሜ ነው» አለቻቸው። «ደምለውን የገደለው።»